ለቀይ ቁምጣ የተላኩ ሽማግሌዎች

እኛ ዘንድ ሰው ብቻውን አይወድቅም። ገና እግሩ ሳት ሲለው፣ መሬት ሳይነካ፣ በአካባቢው ያለ ሁሉ «እኔን!» ይላል። ቃሉን ልብ ብላችሁት ታውቃላችሁ? «አንተን የጣለ እኔን ይጣለኝ፤ ያንተ መውደቅ ለእኔ ይሁን» ማለት እኮ ነው። እንዲህ ያለውን ትልቅ ቃል ኪዳን እንደ እግዜር ሰላምታ በየመንገዱ የሚበትን ሕዝብ ሌላ ቦታ መኖሩን እጠራጠራለሁ። በቀደም ቀበና ድልድይ አጠገብ አንዱን ጎልማሳ የሙዝ ልጣጭ አንሸራቶት፣ ታክሲ የሚጠብቀው ሰልፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ «እኔን!» አለ። በሰውዬው ምትክ የወደቀ ግን አላየሁም። እንዲያውም ታክሲው ሲመጣ ተራምደውት ገቡ። «እኔን» ያለ ሁሉ እንደ ቃሉ የሚወድቅ ቢሆን ኖሮ በአዲስ አበባ ቆሞ የሚሄድ ሰው ባልተገኘ ነበር።

ቃሉን መንቀፌ አይደለም። እኔም እለዋለሁ፤ ብርጭቆ ከእጄ ሲያመልጥ ለብርጭቆው ጭምር እላለሁ። ሰሞኑን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሰው ዕድሜውን በሙሉ «እኔን» ሲባልለት ቢኖርስ? ሁሉም እየተሽቀዳደመ ሊወድቅለት ከፈለገ፣ እሱ ራሱ የሚወድቀው መቼ ነው? ይህን ጥያቄ ያመጣብኝ ፍልስፍና እንዳይመስላችሁ። ራግቢ ነው።

አትሳቁ። እኔም ስቄ ነበር።

የምኖረው የካ ክፍለ ከተማ፣ ከእንጦጦ ግርጌ፣ እትዬ ጫልቱ ግቢ ውስጥ በተከራየሁት ቤት ነው። እትዬ ጫልቱ ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ እዚሁ ሰፈር ገብስ ያመርቱ የነበሩ ሰው ናቸው፤ ዛሬ እርሻው ላይ ፎቅ በቅሎ እሳቸውም ቤት አከራይ ሆነዋል። ሲረጋጉ በአማርኛ፣ ሲደነግጡ በኦሮምኛ ይናገራሉ። ጸጉሬ ሸብቶም እኔን የሚጠሩኝ «አንተ ልጅ» ብለው ነው። አንድ ወንድ ልጅ አላቸው፤ ሌንጮ ይባላል። ሌንጮ በኦሮምኛ አንበሳ ማለት ነው። እናቱ ግን የያዙት እንደ እንቁላል ነው።

ሌንጮ በሁለት ዓመቱ ክፉ ትኩሳት ይዞት ሲድን ግራ እጁ ታጥፎ ቀረ፤ ግራ እግሩም ከቀኙ ትንሽ ዘግይቶ ይደርሳል። አሁን ጎልማሳ ነው፤ ቀበና ላይ ሞባይል ይጠግናል። ደንበኞቹ ዋጋ አይከራከሩትም። «እሱን ደግሞ!» ብለው፣ ከንፈራቸውን መጠጥ አድርገው፣ የጠራውን ሰጥተው ይሄዳሉ። እናንተ ይህን እንደ በረከት ልታዩት ትችላላችሁ፤ እሱን ግን ያንገበግበው ነበር። ቤት ሲመጣ ደግሞ እናቱ ደረጃ በወረደ ቁጥር ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ከኋላው ይከተሉታል። ደረጃው ሦስት እርከን ነው።

ታዲያ ይህ ልጅ አንድ ቅዳሜ ከጫማው እስከ ጆሮው ጭቃ ለብሶ መጣ። እትዬ ጫልቱ መኪና የገጨው መስሏቸው በኦሮምኛ ጮኹ። እሱ ግን ጥርሱን ብልጭ አድርጎ፣ የአካል ጉዳተኞች የራግቢ ሊግ ብሔራዊ ቡድን ውስጥ መግባቱን አበሰራቸው። እንደ እንቁላል ተይዞ ያደገው ልጅ፣ እንቁላል የሚመስል ኳስ ታቅፎ መሮጥ ጀመረ ማለት ነው።

ብሔራዊ ቡድን ሲባል አውቶቡስና ሆቴል አይታያችሁ። አንዲት ጭቃማ ሜዳ፣ አንድ አሠልጣኝ፣ አንድ ፊሽካና ከየሰፈሩ የተሰባሰቡ ልጆች ናቸው፤ አንዱ እጅ የለውም፣ አንዱ በሰው ሠራሽ እግር ይሮጣል፣ አንዱ ቁመቱ ከእኔ ወገብ አያልፍም፤ ሁለት ምንም ጉዳት የሌለባቸው ልጆችም አብረው ይሰለፋሉ፣ ሕጉ ይፈቅዳል። የጨዋታውን ሕግ ሌንጮ በትዕግሥት አስረዳኝ። ኳሷን ይዞ ወደፊት ይሮጣል፤ በእጅ ማቀበል የሚቻለው ግን ወደኋላ ብቻ ነው። ሁሉም ወደኋላ እያቀበለ በጠቅላላው ወደፊት ይኬዳል። የመሥሪያ ቤት ሰው ስለሆንኩ ይህኛው ወዲያው ገባኝ። ሌላው ሕግ ደግሞ ኳስ የያዘውን ሰው አቅፎ መሬት ላይ መጣል ነው። የጣለው ወዲያው ለቆ ይነሣል፤ የተጣለውም በራሱ ተነሥቶ ኳሷን በእግሩ ወደኋላ ያንከባልልና ጨዋታው ይቀጥላል።

የእኛዎቹ ችግር የጀመረው እዚህች ላይ ነው። መጣሉን አሳምረው ይጥላሉ። ግን ጥለው ሲያበቁ «እኔን!» ይሉና ያነሡታል። «ተጎዳህ እንዴ? ጉልበትህን ነው?» እያሉ ሱሪውን ያራግፉለታል። በሕጉ ደግሞ የወደቀን ሰው ይዞ ማቆየት ጥፋት ነው፤ ያስቀጣል። አሠልጣኙ ኮች ዘሪሁን ፊሽካ ሲነፋ ውሎ ጉሮሮው ደረቀ። በመጨረሻ «እኔን» ያለ ሰው ከሜዳው እስከ እንጦጦ ማርያም ሽቅብ ይሮጣል የሚል ደንብ አወጣ። ቡድኑ በሙሉ በዚያ ሳምንት ተራራ ላይ ሰነበተ። አንድ ቀን ራሱ ኮች ዘሪሁን ሲሮጥ የታየ ጊዜ፣ የወደቀ ተጫዋች አይቶ አምልጦት እንደሆነ ሁላችንም ገባን።

ይኸው ሩጫ ሌላ ጣጣ አመጣ። የማርያም ዕለት ነው። ልጆቹ ዳገቱን ጨርሰው፣ ትንፋሽ አጥሯቸው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ዳር ባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። ሰው አስቀድሶ ሲወርድ በአንድ በኩል ሰው ሠራሽ እግር፣ በሌላ በኩል የታጠፈ እጅ ያያል። ከንፈር ይመጠጣል፤ ዳቦው፣ ቆሎው ይወርድ ጀመር። ከሁሉ የበዛው ዳቦ የደረሰው ለኮች ዘሪሁን ነው፤ ላቡን ሊያናፍስ ኮፍያውን ገልብጦ ይዞ ነበር። አንዲት አሮጊት እንደ በሬ የጠነከረውን ሰውዬ ትክ ብለው አዩትና «አንተን ደግሞ ምን አገኘህ ልጄ?» አሉት። «ኮች ነኝ፣ እማማ» አላቸው። «እግዚአብሔር ይማርህ» አሉት።

እንግዲህ ወደ ቁምጣው ልምጣ። በዚህ ጨዋታ ሁለት ዓይነት ቁምጣ አለ። ጥቁር የለበሰ ይጣላል። ቀይ የለበሰ ግን አይጣልም፤ ኳሷን ይዞ ሲሮጥ በእጅ ከተነካ እንደ ወደቀ ይቆጠራል። ይህ ጉዳቱ ለበረታበት ሰው የተሠራ ደግ ሕግ ነው፤ ከእኛዎቹም ቀዩን ለብሶ ነፋስ የሆነ አንድ ልጅ ነበር። ሌንጮን የቡድኑ ሐኪም መርምሮ ጥቁሩን ፈቅዶለታል። ይሁን እንጂ ከጎረቤት አገር አንድ ብሔራዊ ቡድን ሊመጣ ነው ተብሎ ሰፈሩ ሲታመስ፣ እትዬ ጫልቱ ስለ ቀዩ ቁምጣ ከአንድ ሰው ሰሙ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አልነበራቸውም። የእናት አንጀት ነው።

ምን አደረጉ መሰላችሁ? ሽማግሌ ላኩ።

የዕድራችን ዳኛ ጋሽ ደበላ፣ ለቁጥር ማሟያ የተጎተተ አንድ ጎረቤት፣ እና እኔ። እኔ የተመረጥኩት ከረባት ስላለኝ ነው። እሑድ ጠዋት ኮች ዘሪሁን በር ላይ ጋቢያችንን አጣፍተን ቆምን። ሰውዬው በሩን ከፍቶ ሲያየን ክው አለ። ለአቅመ ሔዋን የደረሰች እህት አብራው ትኖራለች። እሷም በመጋረጃው ቀዳዳ አየችንና ወደ ጓዳ ሮጠች፤ ከዚያ በኋላ የሚሰማው የማበጠሪያ ድምፅ ነበር። ግቡ፣ ተቀመጡ ቢለን ጋሽ ደበላ እንደ ወጉ «የመጣንበት ሳይፈጸም አንቀመጥም» አለ። ኮች ዘሪሁን አንገቱን ደፍቶ «አባቶቼ፣ ልጁ ማነው?» ሲል ጠየቀ። «ሌንጮ ነው» አለ ጋሽ ደበላ። ከጓዳ አንድ ነገር ወድቆ ተሰበረ። «የምንጠይቀውም ቀይ ቁምጣ ነው» ሲል ቀጠለ።

ሽማግሌ ቆሞ እያለ እምቢ የሚል አንጀት ያለው ኢትዮጵያዊ አሠልጣኝ ገና አልተወለደም። ኮች ዘሪሁን እሺ አለ፤ ተቀመጥን፤ እህቱ ቆንጆ ተበጥራ ሻይ አቀረበችልን፣ ፊቷ ግን ጥሩ አልነበረም። እኛ ሥራችንን ሠርተን በድል ተመለስን።

በማግስቱ ሌንጮ በሬን አንኳኳ። ቀዩን ቁምጣ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና «ጋሼ፣ እርስዎም ነበሩበት?» አለኝ።

«ዝም ብዬ ነው የቆምኩት» አልኩት።

«እኔን እኮ እስከ ዛሬ ሰው መትቶኝ አያውቅም፣ ጋሼ። ትምህርት ቤት እኔ ሰው ስሰድብ የሚመቱት ጓደኛዬን ነበር። የታክሲ ረዳት እንኳ አይሰድበኝም። አዲስ አበባ ኖሮ ረዳት ያልሰደበው ሰው፣ ሰው ነው? ሜዳ የገባሁ ቀን አንዱ አንሥቶ አፈረጠኝ። ሲሪየስ ነኝ፣ አፈረጠኝ። ትንሽ ጋደም አልኩ፤ ከዚያ ተነሣሁ። ማንም ሳይነካኝ። ወድቆ መነሣት እኔ ላይ የሚሠራ አይመስለኝም ነበር።» ቁምጣውን በጣቱ ገፋ አደረገው። «ይሄን የሚያስፈልገው ይልበሰው፣ ክብር ነው። ለእኔ አያስፈልገኝም። እናቴ ስነሣ አይታኝ አታውቅም። እሷ የምታውቀው ስታነሣኝ ነው። እባክዎ ሽማግሌ ይሁኑኝና እሷ ጋ ይግቡ።»

እስቲ ፍረዱኝ። ትናንት ለእናት የቆመ ሽማግሌ ዛሬ ለልጅ ሊቆም። ከረባቴን እንደገና አሠርኩ።

እትዬ ጫልቱ ግቢ ውስጥ ጎመን ይቀነጥሱ ነበር። እንደ ወጉ አልቀመጥም ብል «አንተ ልጅ፣ እዚሁ ግቢ እየኖርክ የምን መቆም ነው፤ ቁጭ በል» አሉኝና የሽምግልናዬ ግማሽ እዚያው ፈረሰ። ስለ ስፖርት ጥቅም አወራሁ፤ ጎመናቸውን ቀነጠሱ። ስለ አገር ክብር አወራሁ፤ ቀነጠሱ። መጨረሻ ላይ ቢላዋውን አስቀመጡ።

«በሁለት ዓመቱ በትኩሳቱ እየተንዘፈዘፈ ከአልጋ ወድቆብኛል» አሉኝ። «ለአፍታ ዞር ብዬ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ መሬት ጠላቴ ናት። አሁን ራሱ መሬት ጋ ልሂድ ሲለኝ እሺ ልበለው?»

ለዚህ የሚሆን ተረት ፈለግሁ። አባቶቻችን ስለ መውደቅ ያልተረቱት የለም፤ ግን ሁሉም አይበጅም። «የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል።» «ከወደቁ በኋላ መንፈራገጥ ለመላላጥ።» እንዲህ ያለውን ለእናት ትነግራላችሁ? በመጨረሻ አፌ እንዳመጣልኝ፣ «እትዬ፣ ለልጅዎ ሰው ሁሉ ሲያዝንለት ኖሯል። አንድ ቀን ሰው ቢፈራውስ?» አልኩ።

«ማንን? ሌንጮን?»

«ጥቁር ለብሶ ኳስ ይዞ ሲመጣ የሚሸሸው አለ። በዓይኔ አይቻለሁ።»

እትዬ ጫልቱ ጎመኑን ረሱት። ዓይናቸው ውስጥ አንድ ነገር በራ፤ ወዲያውም ሊደብቁት ሞከሩ። «እሺ» አሉ። «እኔም እመጣለሁ። ከወደቀ ግን ገብቼ አነሣዋለሁ። ይህንንም ለኮቹ ንገረው።» ለኮቹ አልነገርኩትም።

የግጥሚያው ዕለት ሌሊቱን ዘንቦ እንጦጦ እስከ ወገቡ ጉም ለብሷል። ከእንጦጦ ራጉኤል የሚወርዱ ምእመናን ሳይቀሩ፣ ሰፈሩ በሙሉ ሜዳው ዙሪያ ከኖራው መሥመር ኋላ ተኮልኩሏል። ልጆቻችን አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ለብሰው ሲገቡ ከረባቴን አስተካከልኩ። አሳፍሬያችሁ ከሆነ ይቅርታ፣ አለቀስኩ።

ጨዋታው እንደተጀመረ አንድ የእንግዳው ቡድን ተጫዋች ወደቀ። የየካ ሕዝብ በአንድ ድምፅ «እኔን!» አለ። የእኛው ወደቀ፤ «እኔን!» ዳኛው ተንሸራተተ፤ «እኔን!» እንግዶቹ የቡድናችን መፈክር መስሏቸው ደንገጥ ደንገጥ እያሉ ዙሪያውን ያያሉ። ግን አልራሩልንም። በተለይ አንድ አውራ ነበራቸው፤ ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ሰው ሠራሽ የሆነ፣ ደረቱ የቤት በር የሚያክል ሰው። የእኛዎቹም በድንጋጤ የተማሩትን ረስተው ሁለት ጊዜ «እኔን!» ብለው ሰው ሲያነሡ ተቀጣን። ለዕረፍት ስንወጣ እየተመራን ነበር።

ከዕረፍት መልስ ኳሷ ሌንጮ እጅ ገባች። ጥቁር ቁምጣ። በቀኝ ክንዱ ሥር ሸጎጣትና ግራ እግሩን እያስከተለ ሮጠ። በሩን የሚያክለው ሰውዬ ከፊት ለፊቱ መጣ። ይህ ሰው ስለ ሌንጮ ትኩሳት አያውቅም፤ ስለ ሦስቷ እርከን አያውቅም፤ ከንፈር መምጠጥም አልተማረም። አንሥቶ አፈረጠው። ድምፁ እኛ ድረስ ተሰማ።

በዚያን ጊዜ «እኔን» ያለ ሰው አልነበረም። እትዬ ጫልቱ ብድግ አሉ። ነጠላቸውን ያዝኩ፤ ነጠላው እጄ ላይ ቀረ፣ እሳቸው ኖራውን ተሻግረው ሜዳ ገቡ። ዳኛው ፊሽካውን ወደ አፉ አስጠጋ። ሌንጮ ከጭቃው ውስጥ ቀና ብሎ እናቱን አያቸውና ጮኸ።

«እማ! ውጪ! ታስቀጪናለሽ!»

እትዬ ጫልቱ ቆሙ። ልጃቸው ሲለምናቸው ሰምተው ያውቃሉ፣ ሲያኮርፍባቸውም ያውቃሉ፤ እንደ ሥራ ባልደረባ ሲቆጣቸው ግን ይህ የመጀመሪያቸው ነው። አንድ እርምጃ ወደኋላ አሉ። ሌላም አንድ። ኖራው ኋላ ሲደርሱ ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣብቀው፣ ከዚያ ሰውነት ይወጣል ብዬ በማልገምተው ድምፅ «ካኢ! ካኢ፣ ኢልማ ኮ!» አሉ። ተነሣ፣ ልጄ ማለታቸው ነው።

ተነሣ። በቀኝ እጁ መሬቱን ገፍቶ፣ ግራ እግሩን ከሥሩ ሰብስቦ፣ ማንም ሳይነካው ተነሣና ኳሷን በእግሩ ወደኋላ አንከባለላት። ሰፈሩ ያበደው ያኔ ነው። ለጎል እንዲህ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም። ጋሽ ደበላ ከዘራውን ወደ ላይ ወረወረ፤ ሲመለስ የማንን ራስ እንደመታ እግዜር ይወቀው።

ከዚያ በኋላ የነበረው ቡድን ሌላ ነበር። ጣሉ፣ ለቀቁ፣ ተጣሉ፣ ተነሡ። ቀይ ቁምጣው ልጃችን ሁለት ሰው አልፎ አንድ አገባ። ሌንጮ ብዙ ጊዜ ወደቀ፤ እናቱ በወደቀ ቁጥር ይጮኻሉ፣ አሁን ግን ድንጋጤ የለበትም፣ እንዲያውም ትንሽ ትዕዛዝ ይመስላል። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ግን አሁንም በጥቂት ነጥብ እየተመራን ነው።

እዚህ ላይ ያልነገርኳችሁ አንድ ሕግ አለ። በራግቢ ነጥብ የሚገኘው ኳሷን ከተቃራኒው መሥመር አሳልፎ መሬት በማስነካት ነው። የመጨረሻዋ ኳስ ከእጅ ወደ እጅ ወደኋላ ስትመጣ ስትመጣ ሌንጮ ጋ ደረሰች። መሥመሩ ቅርብ ነው፤ በመካከሉ ያ በር የሚያክለው ሰውዬ ቆሟል። ሌንጮ ጎኑን አልፈለገም፤ ፊት ለፊት ሄደ። ሰውዬው ሁለት እርምጃ ወደኋላ ሸሸ። ሸሸ! እትዬ ጫልቱ ክንዴን ጨምድደው ያዙኝ። ከዚያም ሰውዬው ራሱን አረጋግቶ ዘሎ አቀፈው፣ ከነኳሱም ጣለው። ግን በሽሽቱ ቦታ ስቶ ነበርና የጣለው ከመሥመሩ ወዲያ ማዶ ነበር። ሌንጮ በወደቀበት ኳሷን ከደረቱ ሥር መሬት ላይ ደፍጥጦ ያዛት። ዳኛው እጁን አነሣ። አሸነፍን።

ከዚህ በኋላ ያለውን በሥርዓቱ ልነግራችሁ አልችልም። ሕዝቡ ኖራውን ጠርጎ ገባ፤ ኮች ዘሪሁን ጭቃ ላይ ተንበረከከ፤ ሌንጮን ተሸከሙት። እኔ እትዬ ጫልቱን ወደ ልጃቸው ላደርስ ስገፋ፣ እሳቸው ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይጎትቱኛል። የሚሄዱት ብቻውን ጭቃ ላይ ተቀምጦ ሰው ሠራሽ እግሩን ወደሚያስተካክለው ሰውዬ ነው። ፈራሁ። እናት ልጇን ከጣለ ሰው ጋር የምትናገርበትን ቋንቋ አውቃለሁ፤ «ጣለብኝ» ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣውም እርግማን ነው። ሰውዬውም የፈራ መሰለኝ፤ ሊነሣ ሞከረ። እትዬ ጫልቱ ትከሻውን ይዘው አስቀመጡትና ጭቃማ እጁን በሁለት እጃቸው አፈፍ አደረጉ።

«ልጄን ስለጣልክልኝ» አሉት፣ እንባቸው እየወረደ፣ «እግዜር ይስጥልኝ።»

«ምን እያለች ነው?» አለኝ ሰውዬው በእንግሊዝኛ።

ከረባት ያለኝ እኔ ነኝና መተርጎም ነበረብኝ። «ጣለ» የሚለውን አገኘሁለት፤ «ልጄን» የሚለውንም አገኘሁለት፤ «ልኝ» የምትለዋን ጭራ ግን በእንግሊዝኛ ፈልጌ ፈልጌ አጣኋት። ሰውዬው ይጠብቃል፤ እትዬ ጫልቱም እጁን አልለቀቁም፣ «ንገረው እንጂ!» እያሉ በክርናቸው ይጎስሙኛል።